ሴሊያክ ላለበትና የእንስሳት ተዋጽኦ ለማይበላ ሰው የሚጣፍጥ የታሸገ ምግብ አመራረጥ

ሴሊያክ ግሉተን፣ ማለትም በስንዴ፣ በገብስና ራይ በሚባለው እህል ውስጥ ያለው ፕሮቲን፣ ሲበላ አንጀትን የሚጎዳ በሽታ ነው። ሴሊያክ ያለበትና የእንስሳት ተዋጽኦ የማይበላ ሰው ሱቅ ሲገባ ቶሎ የሚያሳስተው፣ ማሸጊያ ላይ የሚለጠፉት ሁለቱ ምልክቶች ተቀራራቢ መምሰላቸው ነው። “ቪጋን” ማለት ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላልና ማር የለበትም ማለት ብቻ ነው፤ ስለ ስንዴ ምንም አይናገርም። “ከግሉተን ነፃ” የሚለውም ስለ እንቁላልና ስለ ወተት ዝም ነው። እንዲያውም ብዙ ጊዜ ይጋጫሉ። ሥጋ መስለው ከሚሠሩት የቪጋን ምግቦች ብዙዎቹን አጣብቆ የሚይዛቸው የስንዴ ግሉተን ነው፤ ሴይታን የሚባለውማ ራሱ ግሉተን ነው። ከግሉተን ነፃ የሆኑ ዳቦዎችና ኬኮች ደግሞ የጎደላቸውን ለመሙላት የእንቁላል ነጭና የወተት ዱቄት ይገባባቸዋል። ሁለቱንም ወንፊት የሚያልፈው ምግብ ጥቂት ነው፤ ካለፈውም ውስጥ የሚጣፍጠው ገና መመረጥ አለበት።

ስለ ጣዕም ከሁሉ በፊት የምመክረው ይህን ነው፦ ግሉተንም እንቁላልም መጀመሪያውኑ ሥራ ያልነበራቸውን ምግቦች አስቀድሙ። በጣሳ የታሸገ ሽምብራና ቦሎቄ፣ የኮኮናት ወተት፣ የቲማቲም ድልህ፣ የሩዝ ኑድል፣ የበቆሎ ቶርቲያ፣ ፈንዲሻ፣ ጨው ብቻ የገባበት የድንች ቺፕስ፣ ምንም ያልተቀመመ ቶፉ (ከሶያ ወተት የሚረጋ)፣ የኦቾሎኒ ቅቤ፣ ሁሙስ፣ ጥቁር ቸኮሌት። እነዚህ የማንም ምትክ አይደሉም፤ ስለዚህ የሚጎድላቸው ነገር የለም። ዳቦ፣ ፓስታ፣ አይብና ኬክ ለመምሰል የሚሞክሩትን ሁለተኛ ደረጃ ላይ አስቀምጧቸው። ገንዘብ የሚባክነውም ሰው ተስፋ የሚቆርጠውም እነሱ ላይ ነው። ከምርመራ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሳምንታት ቁም ሳጥኑን በምትክ ምግቦች የሚሞላ ሰው “ከእንግዲህ የሚጣፍጥ ነገር የለም” ብሎ ይደመድማል። ያ ድምዳሜ ልክ አይደለም፤ አጀማመሩ ነው የተሳሳተው።

“ተራ” የሚባለውም ቢሆን ሳይነበብ አይገዛም። ሶባ የሚባለው ኑድል በባክዊት ስም ይሸጣል፤ ባክዊት ራሱ ከስንዴ ጋር ዝምድና የሌለው፣ ግሉተን የማያውቀው እህል ነው፤ ኑድሉ ላይ ግን ብዙ ጊዜ የስንዴ ዱቄት ይደባለቅበታል። በቲማቲም መረቅ የታሸገ ቦሎቄ በስንዴ ዱቄት የወፈረ ሊሆን ይችላል። የቀዘቀዘ የድንች ጥብስ እንዲንኮሻኮሽ በቀጭን የስንዴ ሊጥ ሊሸፈን ይችላል። በቆሎና ሩዝ ብቻ የሚመስለው የቁርስ ኮርንፍሌክስ ደግሞ ቀለምና ጣዕም እንዲያገኝ ብዙ ጊዜ የገብስ ብቅል ይጨመርበታል። ብቅሉ በዝርዝሩ መጨረሻ ላይ በትንሹ ስለሚጻፍ ዓይን ያልፈዋል፤ ውስጡ ሩዝ የተፈነዳበት ቸኮሌትም በዚሁ መንገድ ይወድቃል።

ማሸጊያውን የማነብበት ቅደም ተከተል አለኝ፤ ከላይ ወደ ታች ማንበብ ጊዜ ይፈጃልና። መጀመሪያ “ከግሉተን ነፃ” የሚለውን ቃል ወይም የተመሰከረለት ምልክት እፈልጋለሁ፤ የስንዴ ዘለላ ላይ መስመር የተሰመረበት ክብ ምልክት በብዙ አገር ይታወቃል። ይህ ቃል ተራ ማስታወቂያ አይደለም። ኮዴክስ በሚባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ፣ በአውሮፓ ኅብረት ደንብና አሜሪካ በ2013 ባወጣችው ደንብ መሠረት ምግቡ በኪሎግራም ከ20 ሚሊግራም በላይ ግሉተን ሊኖረው አይገባም። ጂኤፍሲኦ የሚባለው የአሜሪካ ማረጋገጫ ወደ 10 ያወርደዋል። አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ደግሞ በምርመራ የሚገኝ ግሉተን ጨርሶ እንዳይኖር ይጠይቃሉ፤ አጃና ብቅልንም በዚህ ስም አያሸጡም።

20 ሚሊግራም ምን ማለት እንደሆነ በምግብ መጠን ማየት ይረዳል። ልክ ጣሪያው ላይ ያለ ምርት 100 ግራም ብትበሉ የሚገባባችሁ 2 ሚሊግራም ነው። በሴሊያክ ጥናቶች ለአብዛኛው ታማሚ በቀን እስከ 10 ሚሊግራም የሚደርስ ግሉተን አንጀትን ይጎዳል ተብሎ አይታሰብም፤ በየቀኑ 50 ሚሊግራም ለወራት መውሰድ ግን ጉዳት እንደሚያመጣ ታይቷል። አንድ ቁራሽ የስንዴ ዳቦ ውስጥ ያለው ግሉተን በሚሊግራም ሳይሆን በግራም ነው የሚለካው። ስለዚህ “ትንሽ ፍርፋሪ ምን ያመጣል” የሚለው አነጋገር በሒሳብ ሲታይ አያስኬድም።

“ከግሉተን ነፃ” የሚል ቃል ከሌለ ወደ ግብዓቶቹ ዝርዝር ነው የሚኬደው። እዚህ ላይ አገሩ ለውጥ ያመጣል። በአውሮፓ ኅብረት ስንዴ፣ ገብስ፣ ራይና አጃ ሁሉም በዝርዝሩ ውስጥ ደመቅ ተደርገው መጻፍ አለባቸው። በአሜሪካ የአለርጂ ሕግ በግዴታ የሚገለጸው ስንዴ ብቻ ነው፤ ገብስና ራይ “ብቅል”፣ “ተፈጥሯዊ ማጣፈጫ” ወይም “የእርሾ ተዋጽኦ” ከሚሉ ቃላት ጀርባ ሊቀሩ ይችላሉ። ከአሜሪካ የመጣ ማሸጊያ ላይ “ይዟል” በሚለው ሣጥን ውስጥ ስንዴ ስላልተጻፈ ብቻ ምግቡ ነፃ ነው ማለት አይቻልም። “ከስንዴ ነፃ” የሚለውም እንዲሁ፤ ገብስም ራይም ሊኖርበት ይችላል። ስፔልት፣ ካሙትና አይንኮርን ደግሞ ስማቸው ይለያይ እንጂ ስንዴዎች ናቸው።

በተቃራኒው ያለ ምክንያት የሚፈሩም አሉ። ከስንዴ የተሠራ የግሉኮስ ሽሮፕና ማልቶዴክስትሪን በጣም ስለሚጣሩ አውሮፓ ከአለርጂ ማስታወቂያ ግዴታ ነፃ አድርጓቸዋል። “ከግሉተን የጸዳ የስንዴ ስታርች” የሚል የተጻፈበት ዳቦም ከ20 ሚሊግራም በታች ከሆነ ለሴሊያክ ይፈቀዳል፤ የስንዴ አለርጂ ላለበት ግን አይሆንም። ይህን ስታርች የያዙ ዳቦዎች በልስላሴ ብዙ ጊዜ ከሌሎቹ ስለሚሻሉ በፍርሃት ማለፉ የሚያስቆጭ ነው።

ሦስተኛው ንባብ ለእንስሳት ተዋጽኦ ነው። የወተት ምልክቶች አጓት፣ ካዚን፣ ካዚኔትና የወተት ስብ ናቸው። “ላክቶስ የለበትም” የሚለው ቪጋን ማለት አይደለም፤ ላክቶሱ የተነሣለት ወተት ነው። “የወተት ያልሆነ” ተብሎ የሚሸጥ የቡና ማንጫ ዱቄት እንኳ ካዚኔት ሊኖረው ይችላል። ለምግብ ጭማሪዎች ከሚሰጡት የኢ ቁጥሮች ኢ120 ከነፍሳት የሚወጣ ቀይ ቀለም፣ ኢ901 የንብ ሰም፣ ኢ904 ሼላክ የሚባለው ከነፍሳት የሚገኝ ሙጫ ነው፤ ጄላቲን ግን በስሙ ይጻፋል። ኢ471 ከአትክልትም ከእንስሳም ሊመጣ ስለሚችል ማሸጊያው ላይ የቪጋን ምልክት ከሌለ አምራቹን መጠየቅ ይሻላል። ቫይታሚን ዲ3 የተጨመረበት ምግብም ምንጩ ብዙ ጊዜ የበግ ሱፍ ቅባት ነው፤ ላይከን ከሚባለው ድንጋይና ግንድ ላይ ከሚበቅል ነገር የሚወጣ ሲሆን አምራቾች ራሳቸው በኩራት ይጽፉታል።

“ወተት ሊኖርበት ይችላል” እና “ስንዴ ሊኖርበት ይችላል” የሚሉትን በአንድ ዓይን አላያቸውም። የመጀመሪያው በአንድ ማሽን ላይ ስለሚነካካ ምግብ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ወተት በግብዓትነት እስካልገባና የወተት አለርጂ እስከሌለ ድረስ ብዙ ቪጋኖች ይበሉታል። ሁለተኛው “ከግሉተን ነፃ” የሚል ቃል በሌለበት ምርት ላይ ከታየ መደርደሪያው ላይ ይቅር። የማስጠንቀቂያው አለመኖርም ማረጋገጫ አይደለም፤ በብዙ አገር በፈቃደኝነት የሚጻፍ ነውና።

አንድ ግብዓት ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ሶያ ሶስ ላይ። በተለመደው አሠራር ሶያና ስንዴ ተቀላቅለው ነው የሚብላላው። ከጠርሙሱ ወጥቶ ደግሞ የማይገባበት የለም፦ የተቀመመ ቶፉ፣ የተቆላ ለውዝ፣ የደረቀ የእንጉዳይ መክሰስ፣ የኑድል ቅመም፣ የቪጋን በርገር፣ የሰላጣ ማባያ። ታማሪ የሚባለው የሶያ ሶስ ዓይነት በአብዛኛው ያለ ስንዴ ይሠራል፤ ጥቂት ስንዴ የሚገባበትም ስላለ ጠርሙሱ ላይ “ከግሉተን ነፃ” የሚለውን ማየት ግድ ነው። ሚሶ የሚባለው የተብላላ የሶያ ድልህም እንዲሁ ነው፤ የሩዙ ሲሆን ደህና፣ በገብስ የተብላላው ግን አይሆንም። ቴምፔ፣ ማለትም ተብላልቶ የተጣበቀ የሶያ ፍሬ፣ በንጹሕ ሶያ ሲሠራ ጥሩ ነው፤ “ብዙ እህል” የሚለው ገብስ ሊኖርበት ይችላል።

የሶያ ሶሱ ችግር የምርመራም ጭምር ነው። ሲብላላ ፕሮቲኑ ይቆራረጣል። የተለመደው የላቦራቶሪ ምርመራ ግሉተኑን በሁለት ቦታ መያዝ አለበት፤ ቁርጥራጩ ላይ ሁለተኛውን መያዣ ስለማያገኝ ውጤቱን አሳንሶ ያሳያል። አንጀት ግን ቁርጥራጩንም ያውቀዋል። በስንዴ ተብላልቶ “ተመርምሮ ከ20 በታች ሆኗል” በሚባል ሶያ ሶስ የማልተማመነው ለዚህ ነው። አሜሪካም በ2020 ባወጣችው ደንብ ለተብላሉና ለተሰባበሩ ምግቦች አምራቹ ጥሬ ዕቃው ከመብላላቱ በፊት ከግሉተን ነፃ እንደነበረ መዝግቦ እንዲያሳይ ነው ያዘዘችው። በቤት የሚሠራው የመመርመሪያ ስትሪፕም በተብላላ ምግብ ላይ አያስተማምንም።

አሁን ወደ ዳቦ። ግሉተን በሊጥ ውስጥ የሚሠራው አየር የሚይዝ መረብ መሆን ነው። እሱ ሲወጣ፣ እንቁላሉም ሲወጣ መረቡን የሚተካ ሌላ ነገር መኖር አለበት፤ ዝርዝሩ ላይ የምፈልገው ያንን ነው። ሲሊየም የሚባለው የዘር ገለባ ካለ ጥሩ ምልክት ነው፤ ውሃ ይይዛል፣ ዳቦው ሲታጠፍ አይሰበርም። ሃይድሮክሲፕሮፒል ሜቲልሴሉሎስ የሚለው ረጅም ስም፣ በቁጥሩ ኢ464፣ ከአትክልት አሰር (ፋይበር) የሚሠራ፣ ሲሞቅ የሚረጋ ማያያዣ ነው፤ ስሙ አያስፈራ። ዛንታን ጋም የሚባለው ማወፈሪያ ብቻውን ያለበት ዳቦ ግን የሚጣበቅ፣ ጥርስ ላይ ማስቲካ የሚመስል ይሆናል። የዝርዝሩ የመጀመሪያ ሦስት ግብዓቶች ውሃ፣ የካሳቫ ስታርችና የድንች ስታርች ከሆኑ ነጭ፣ ጣዕም የለሽና በማግስቱ የሚፈረፈር ዳቦ ጠብቁ። ባክዊት፣ ማሽላ፣ ጤፍ ወይም ቡናማ ሩዝ ከፊት ከመጡ፣ ከኋላም ተልባ ወይም የሱፍ ፍሬ ካለ ጣዕሙ ከፍ ይላል። በሩዝ ወይም በባክዊት እርሾ ቀስ ብሎ የቦካ ዳቦ ካገኛችሁ አትለፉት፤ ኮምጠጥ ማለቱ የስታርቹን ባዶ ጣዕም ይሸፍናል።

ከግሉተን ነፃ ዳቦ ቶሎ የሚደርቀው ውሃው ስለተነነ ብቻ አይደለም። በመጋገር ጊዜ የላላው ስታርች ሲቀዘቅዝ እንደገና ይጠጥራል፤ የፍሪጅ ቅዝቃዜ ደግሞ ይህን ያፋጥነዋል። ስለዚህ ፍሪጅ ውስጥ አታስቀምጡት። የሁለት ቀኑን ውጭ አስቀሩና የተረፈውን በየቁራሹ መሃል ወረቀት አድርጋችሁ ፍሪዘር ውስጥ ክተቱ፤ ስትፈልጉ ሳይቀልጥ በቀጥታ ወደ ቶስተር። ሙቀቱ ስታርቹን መልሶ ያለሰልሰዋል። እነዚህን ዳቦዎች ሳይሞቁ ቀምሶ መፍረድ አግባብ አይመስለኝም፤ ሁሉም ለማለት ይቻላል ሞቀው የሚበሉ ናቸው።

ፓስታ ላይ የበቆሎና ሩዝ ቅልቅል ከሁሉ ይበልጥ ወደ ስንዴው ፓስታ ይጠጋል። ሩዝ ብቻ የሆነው ይቆራረጣል፣ በቆሎ ብቻ የሆነው ይጠጥራል። ለ100 ግራም አንድ ሊትር ውሃና ከ7 እስከ 10 ግራም ጨው በቂ ነው። ውሃው በደንብ ሲፈላ ጨምራችሁ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ደቂቃዎች ሳታቋርጡ አማስሉት፤ የሚጣበቀው ያን ጊዜ ነው። ማሸጊያው ከሚለው ሁለት ደቂቃ ቀድማችሁ መቅመስ ጀምሩ፤ በበሰለውና በፈረሰው መካከል ያለው ጊዜ አጭር ነው። አጥልላችሁ ወዲያው የሞቀ ስጎ ውስጥ ጨምሩት። ለቀዝቃዛ ሰላጣ ካልሆነ በውሃ አትለቅልቁት፤ ስጎው የሚይዘው በላዩ ባለው ስታርች ነው። የምስርና የሽምብራ ፓስታ ፕሮቲኑ ብዙ ስለሆነ ያጠግባል፤ ሲፈላ ግን አረፋው ይገነፍላል፣ ሰፋ ያለ ድስትና መጠነኛ እሳት ይፈልጋል። የጥራጥሬ ጣዕሙ ካልተመቻችሁ ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚና ቲማቲም በበዛበት ስጎ ብሉት፤ በዘይት ብቻ የተለወሰ እንደሆነ ጣዕሙ ጎልቶ ይወጣል።

የቪጋን አይብ አብዛኛው ከኮኮናት ዘይትና ከስታርች የሚሠራ ነው፤ ስለዚህ ግሉተን ላይ ችግሩ ትንሽ ነው፣ ጣዕም ላይ ነው የሚያስቸግረው። ደረቅ ሙቀት ላይ ዘይቱ ተለይቶ ይወጣል፣ ስታርቹ ይደርቃል። በቀጭኑ ፈቅፍቁት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ውሃ ጠብ አድርጉበት፣ ክዳን ግጠሙበት፤ እንፋሎቱ ያቀልጠዋል። ቀዝቃዛ ለመብላት ከካሹ የተሠራውንና የተብላላውን ምረጡ፤ ዋጋው ይበልጣል፣ ጣዕሙ ግን አይወዳደርም። ለአይብ ጣዕም ኒውትሪሽናል ይስት የሚባለው ቢጫ ቅንጣት ያግዛል። በአብዛኛው በሞላሰስ ላይ የሚያድግ ነው። ከቢራ ጠመቃ የሚተርፈው የቢራ እርሾ ግን ከገብስ ጋር የኖረ ስለሆነ አንድ አድርጋችሁ አትቁጠሯቸው።

ሥጋ ከሚመስሉት ውስጥ በሶያ ወይም በአተር ፕሮቲን የተሠሩና በሜቲልሴሉሎስ የተያያዙ መኖራቸው ጥሩ ዜና ነው። ዓይናችሁን የምትጥሉበት ሦስት ቦታ አለ፦ “የስንዴ ፕሮቲን” የሚለው፣ ውጩን የሸፈነው ፍርፋሪ፣ እንዲሁም የጭስ ማጣፈጫው፤ አንዳንዱ የጭስ ዱቄት የሚሸከመው የገብስ ብቅል ዱቄት ነውና። የአንድ ኩባንያ በርገር ነፃ መሆኑ ቋሊማውንም ነፃ አያደርገውም፤ ከአንድ ቤት ወጥተው አንዱ በአተር፣ ሌላው በስንዴ የተሠራ ሆኖ ይገኛል።

አጃ የራሱ ጣጣ አለው። የአጃ ፕሮቲን ከስንዴው የተለየ ነው፣ አብዛኛው ሴሊያክ ያለበት ሰው ንጹሕ አጃ ይችላል፤ ጥቂቶች ግን በንጹሑም ይታመማሉ። ትልቁ ችግር ተራው አጃ በእርሻም በማጓጓዣም በወፍጮም ከስንዴና ከገብስ ጋር መደባለቁ ነው። ግራኖላ፣ የቪጋን ብስኩትና የአጃ ወተት “ከግሉተን ነፃ” ካልተባሉ በቀር አይገዙ። ምርመራው ገና ቅርብ ከሆነ አጃን አንጀት እስኪያገግም ማቆየትና ከሐኪም ጋር ተነጋግሮ ብቻውን፣ በትንሹ መጀመር ይሻላል፤ ከሌላ አዲስ ምግብ ጋር አብሮ ከተጀመረ የትኛው እንዳሳመመ አይታወቅም።

ደረቅ ምስር በከረጢት ስትገዙ ነጭ ሳህን ላይ ዘርግታችሁ ልቀሙት፤ የስንዴና የገብስ ፍሬ የሚገኝበት ምግብ ነው። ከለቀማችሁ በኋላ እጠቡት። ቤት ውስጥ ስንዴ የሚበላ ሰው ካለ ቶስተርና የፓስታ ማጥለያ ለየብቻ ይሁን፤ የማጥለያ ቀዳዳ በእጥበት በደንብ ላይጠራ ይችላል። የኦቾሎኒ ቅቤና የማርማላታ ብልቃጥም እንደዚያው፤ ዳቦ የነካ ቢላዋ አንዴ ከገባበት ብልቃጡ ለእናንተ አይሆንም።

የታሸገው ምግብ ጣፈጠ ማለት ገንቢ ነው ማለት ስላልሆነ አንድ ነገር ልጨምር። ከግሉተን ነፃ ዱቄቶች ብዙ ጊዜ እንደ ስንዴው በብረትና በቫይታሚን ቢ አይበለጸጉም፣ የአሰር (ፋይበር) ይዘታቸውም አነስተኛ ነው። ሴሊያክ ራሱ ብረት መምጠጥን ያውካል፤ የእንስሳት ተዋጽኦ አለመብላት ደግሞ ቢ12ን ያስቀራል። ስለዚህ ቢ12 በኪኒን ወይም በበለጸገ ምግብ መውሰድ ግዴታ ነው፤ የብረት ክምችት፣ ቢ12ና ቫይታሚን ዲ በክትትል ምርመራው ውስጥ እንዲታዩ ጠይቁ። የኪኒኑን ማሸጊያም እንደ ምግብ አንብቡት፤ ካፕሱሉ ጄላቲን ሊሆን ይችላል። በበሽታው የሚጠረጠርና ገና ያልተመረመረ ሰው ግን ከምርመራው በፊት ግሉተን አያቁም፤ ካቆመ የደሙም የአንጀቱም ውጤት ንጹሕ መስሎ ሊወጣ ይችላል።

በልቶ ምንም አለመሰማትም ምግቡ ነፃ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። ምልክት ሳያሳይ አንጀት ሊጎዳ ይችላል፤ መታመምም ሁልጊዜ ከግሉተን አይመጣም፣ ብዙ ጥራጥሬ ወይም ጣፋጭ ማድረጊያ ሆድ ይነፋል። ከስሜት የተሻለ ፍንጭ የሚሰጠው በየጊዜው የሚታየው የደም ምርመራ ነው፤ እሱም ቢሆን ብቻውን የመጨረሻ ቃል አይደለም።

ለአምራች ስትጽፉ “ምርታችሁ ለሴሊያክ ይሆናል ወይ” ብላችሁ አትጠይቁ፤ የሚመጣው መልስ “ሐኪምዎን ያማክሩ” የሚል ነው። ይልቅ በዝርዝር ጠይቁ፦ ማጣፈጫውና የእርሾ ተዋጽኦው ከገብስ ነው ወይ? ይኸው ምርት በሚሠራበት ማሽን ላይ ስንዴ ያልፋል ወይ? ካለፈ በመካከል እንዴት ይጸዳል፣ ያለቀው ምርትስ ይመረመራል ወይ? ኢ471 እና ቫይታሚን ዲ ምንጫቸው ምንድን ነው? ጀርባው ላይ ያለውን የምርት መለያ ቁጥርና የገዛችሁበትን አገር አብራችሁ ጻፉ። በአንድ ስም የሚሸጥ ብስኩት በተለያየ አገር፣ አንዳንዴም በትልቁና በትንሹ ማሸጊያ፣ ከተለያየ ፋብሪካ ይወጣልና መልሱ የሚያገለግለው ለዚያው ለጠየቃችሁት ማሸጊያ ነው። ፊቱ ላይ “አዲስ ጣዕም” ወይም “የተሻሻለ” የሚል ያያችሁ ዕለት ከዓመታት የለመዳችሁት ቢሆንም ከመጀመሪያው ግብዓት ጀምራችሁ እንደ አዲስ አንብቡት።